«ቻለው» መድኃኒት አይደለም

ወለጋ ውስጥ በነቀምቴ ይሁን በጊምቢ፣ በነጆ ይሁን በደምቢ ዶሎ፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወደ አልጋው የተመለሰ ሰው ከዙሪያው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ ቻለው። አስታማሚው ይለዋል፣ ጠያቂው ይለዋል፣ አጠገቡ ያለው በሽተኛ ይለዋል፣ አንዳንዴም ነጭ ጋውን የለበሰው ይለዋል። በኦሮምኛ «ኦብሲ»፣ በአማርኛ «ጠንከር በል፣ ያልፋል»። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ከወዳጅ አፍ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜም አጥሚት ከያዘ እጅ ጋር ነው የሚመጣው። ሆኖም ስህተት ነው፤ ደግሞም ሰው የሚጎዳ ስህተት። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ያንን ለመሞገት ነው።

የአመለካከቱን ጉልበት ሳላሳንስ ላቅርበው። ሥጋ ተቆርጦ አያምም የሚል የለም፤ መታመሙ የተፈጥሮ ነው ይባላል። ሕመሙ ከጥቂት ቀናት አያልፍም፤ ቁስሉ ሲጠግግ እሱም ይጠፋል። ጠንካራ ማስታገሻ ሱስ ያስይዛል፣ ውስጥ ያለውንም ችግር ይደብቃል። በዚያ ላይ ድሃ አገር ነን፤ ሆስፒታሉ ሕይወት ያትርፍ፣ ምቾቱ ይቆየን። እነዚህን አምስት ነጥቦች ከነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የቡና ዙሪያ እስከ ሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ ድረስ በልዩ ልዩ አነጋገር ትሰማላችሁ። አንዱም ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ችግሩ አምስቱ ተደምረው አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ እንዲያድር ፈቃድ መስጠታቸው ነው።

መጠኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወለጋ ብዙም በማይርቀው ጅማ፣ በዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የታከሙ 252 ሰዎች የተጠየቁበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 91.4 በመቶው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመም ነበረባቸው፤ 80.1 በመቶው ደግሞ ለሕመማቸው የሚመጥን ሕክምና አላገኙም። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለው ነገር ነው። ከማስታገሻ ትእዛዞቹ ግማሽ ያህሉ «ሲያስፈልግ» ተብለው የተጻፉ ነበሩ፤ ለበሽተኛው በእጁ የደረሰውም ከታዘዘለት ያነሰ ነበር። ማለትም መድኃኒቱ ተጽፏል፣ ምናልባትም መደርደሪያው ላይ አለ፤ ሰውየው ግን ታሟል።

እዚች «ሲያስፈልግ» ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነውና። በወረቀት ላይ ስትታይ አስተዋይ ትእዛዝ ትመስላለች፦ ያላስፈለገውን ሰው በመድኃኒት አናጨናንቅ። ሌሊት በሥራ ላይ ስትውል ግን ምን እንደምትሆን እንከተላት። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ወገቧ ላይ የተሰጣት የአከርካሪ ማደንዘዣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቢቆይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተሠርታ ከሆነ አመሻሹ ላይ እግሯን ማንቀሳቀስ ትጀምራለች፤ ከእግሯም ጋር ሕመሙ ይመጣል። ያን ጊዜ ጠያቂ ወጥቷል፣ ሐኪሙ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል፣ ነርሷ ደግሞ ብዙ አልጋ ይዛ ብቻዋን ናት። እናቲቱ መጀመሪያ ራሷን ታሳምናለች፤ ገና ነው፣ አላስቸግርም ትላለች። ሲብስባት እህቷን ትቀሰቅሳለች። እህት በኮሪደሩ «ሲስተር፣ ሲስተር» እያለች ትፈልጋለች። ሲስተር ደም የምትሰቅልለት ሌላ በሽተኛ አላት፤ መጣሁ ትላለች፣ እውነቷንም ነው። መድኃኒቱ ክፍሉ ውስጥ ከሌለ አንድ ወረቀት ይጻፋል፤ ውጭ ፋርማሲ ክፍት መኖሩን የሚያጣራ ወንድም ይላካል። መርፌው ተወግቶ እስኪሠራ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ አለ። እንግዲህ ሕመሙ ከጀመረበት እስኪበርድ ያለውን ጊዜ አንባቢ ራሱ ይደምረው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያጠፋ አንድም ሰው የለም። ያጠፋችው ትእዛዟ ናት፦ መጀመሪያ ተሰቃይ፣ ቀጥሎ ጥራ፣ ከዚያ ጠብቅ ትላለች።

ሥርዓቱን የሚቀይረው ቃል «በየስድስት ሰዓቱ» የሚለው ነው። አንቲባዮቲክን «ኢንፌክሽን ሲሰማው ይሰጠው» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም የለም፤ በሰዓቱ ይሰጣል። ማስታገሻም እንዲሁ በሰዓቱ፣ ሕመሙ ከመንቃቱ በፊት፣ በሽተኛው ጠየቀም አልጠየቀም ሊሰጥ ይገባል፤ «ሲያስፈልግ» የሚለው ደግሞ በዚያ ላይ ለሚጨመረው ይቆይ። ይህ አዲስ መድኃኒት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የብዕር ልማድ መቀየር ነው።

ጠይቆ መቀበል እኛ ዘንድ የሚሳነው ደግሞ በባህላችን ምክንያት ነው። ወለጋ ውስጥ አንድ አዛውንት ነርስ መጥታ «አባቴ፣ እንዴት ነዎት?» ስትላቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ሳይሉ ሌላ ነገር ይናገራሉ ብላችሁ አትጠብቁ። የሰላምታ መልስ ነው የሰጡት፤ የሕመም ሪፖርት አይደለም። ሆዳቸው ከላይ እስከ ታች ተሰፍቶ ተመስገን ይላሉ። ቻርቱ ላይ «በሽተኛው ደህና ነው» ተብሎ ይሰፍራል። ስለዚህ ጥያቄው ከሰላምታው መለየት አለበት፦ «ከዜሮ እስከ አሥር ቢቆጠር ሕመምዎ ስንት ነው? ሲያስሉስ? ሲነሱስ?» ቁጥር ለማይመቻቸው «የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ብዙ» በቂ ነው። ተኝተው ሳይንቀሳቀሱ የሚጠየቁት ጥያቄ ያታልላል፤ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ጸጥ ብሎ ሲተኛ ሁለት የሆነው ሕመም ሲያስል ስምንት ሊሆን ይችላል።

ማሳል የምለው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። «መቻል ጀግንነት ነው» የሚለው ክርክር የሚወድቀውም እዚሁ ነው። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሲያመው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አክታውን አይተፋም፤ የሳንባው የታችኛው ክፍል ይጨማደዳል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ሲያመው አይነሳም፤ ሳይነሳ ሲቆይ የእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ላይ ቢያርፍ ሊገድል ይችላል። ሕመም የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልቡ ለደከመ ሽማግሌ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እናት ቁጭ ብላ ልጇን ለማጥባት ትቸገራለች። ስለዚህ ጀግናው በሽተኛ አልጋው ላይ ድምፁን አጥፍቶ ሲተኛ እኛ የምናደንቀው ጽናት ለሐኪሙ የአደጋ ምልክት መሆን ነበረበት።

«ጥቂት ቀን ነው፣ ያልፋል» የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ተመራማሪው ሄንሪክ ኬህሌትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ዳሰሳ፣ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑ ሰዎች ቁስሉ ከዳነ በኋላም የሚዘልቅ ሕመም እንደሚኖርባቸው ገልጸዋል። እግር ወይም እጅ መቆረጥ፣ የደረት፣ የጡትና የብሽሽት ሄርኒያ (ቡአ) ቀዶ ሕክምና ከዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ እንደሚከተል ከሚያመለክቱ ነገሮች አንዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የነበረ ብርቱ ሕመም ነው። ማስታገሻ ሁሉንም ይከላከላል አልልም፤ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ካለ አትመኑት። «ያልፋል» የሚለው ተስፋ ግን ለብዙዎች ያልተፈጸመ ቃል ነው።

ሕክምናም ራሱ በዚህ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሳስቶ ታርሟል። ሐኪሙ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1847 ኤድንብራ ውስጥ ለወላዶች ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ መስጠት ሲጀምር የምጥ ሕመም መቅረቱ የእግዚአብሔርን ሥርዓት መንካት ነው ያሉ ነበሩ፤ ክርክሩ የረገበው ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1853 በክሎሮፎርም ከወለደች በኋላ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያስደነግጠው የቅርቡ ነው። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በምዕራቡ ዓለም ትልልቅ ሆስፒታሎች አራስ ሕፃናት ጡንቻቸው በመድኃኒት ሽባ ተደርጎ፣ በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ ነርቫቸው ገና ስላልበሰለ አይሰማቸውም፣ ደግሞም መድኃኒቱን አይችሉትም በሚል። ሐኪሙ ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት ተገቢ ማስታገሻ ያገኙት ሕፃናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የገጠማቸው ችግር ያነሰ መሆኑን አሳየ። «ይችሉታል» የተባሉት አልቻሉትም ነበር፤ መናገር ብቻ ነው ያልቻሉት። የእኛዎቹ አዛውንት ደግሞ መናገር እየቻሉ ተመስገን ይላሉ።

አሁን ወደ ሱስ ልምጣ፤ ጠንካራው ተቃውሞ እሱ ነውና። አሜሪካን አይተናል፤ ፐርዱ ፋርማ ኦክሲኮንቲን የተባለውን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ አውጥቶ ሱስ የማስያዝ አቅሙን አሳንሶ አስተዋወቀ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ጥፋቱን አምኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ እዚያ አገር ከ80,000 በላይ ሰዎች ከኦፒዮይድ (ከሞርፊንና መሰሎቹ) ጋር በተያያዘ ከመጠን ያለፈ አወሳሰድ ሞተዋል። ይህን የሚያስታውሰኝ ሐኪም ትክክል ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ጥፋት የጀመረው ለሳምንታትና ለወራት የሚበቃ ክኒን ለጀርባ ሕመምና ለጉልበት ሕመም ሳይቀር ወደ ቤት በማሸከም ነው። ሆዱ የተሰፋ ሰው ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ነርስ እያየችው፣ ለአንድና ሁለት ቀን የሚሰጠው ልኩን የጠበቀ ሞርፊን ሌላ ነገር ነው። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ስሌት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚሰራጨው 298.5 ቶን በሞርፊን ልክ የተሰላ ኦፒዮይድ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ጎረቤትን ጎርፍ ወስዶታል ብለን እኛ ውኃ መጠጣት አናቆምም። የ1961ዱ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉ በመግቢያው ላይ አስቀምጧል፤ ቁጥጥርና መከልከል አንድ አይደሉም።

ሱሱ እኛ ጋር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ትራማዶል የተባለው ማስታገሻ በከተሞቻችን ወጣቶች ዘንድ እንዴት እየገባ እንደሆነ የማያውቅ መምህርና ወላጅ ጥቂት ነው። ልብ በሉ፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ ያለማዘዣ በሚሸጥ በር ነው የሚገባው። በዚያ በር የሚወጣውን ትተን በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለችውን አራስ መጠርጠር ዒላማ መሳት ነው።

ማስታገሻ ችግር ይደብቃል የሚለው ከሐኪሞች ዘንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ትምህርት ነው። ሥሩ ከቀዶ ሕክምና በፊት ባለው የሆድ ሕመም ላይ ነው፤ የእንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም የዛካሪ ኮፕ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ምርመራ ሳያልቅ ሞርፊን አትስጡ የሚለውን ትምህርት በትውልዶች ላይ አትሟል። የኋላ ጥናቶች ማስታገሻ መስጠት ምርመራውን እንዳላበላሸ ሲያሳዩ ያው መጽሐፍ በኋላ እትሞቹ ተሻሽሏል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ውስጣዊ ደም መፍሰስ የልብ ምት ሲፈጥን፣ ግፊት ሲወርድ፣ ሽንት ሲያንስ ይታወቃል፤ ፓራሲታሞል እነዚህን አይሸፍንም። እንዲያውም በሰዓቱ ማስታገሻ እየወሰደ ሕመሙ የሚብስበት ሰው ጎልቶ ይታያል፤ ሁሉም በሚጮህበት ክፍል ግን እውነተኛውን አደጋ የሚለየው የለም። አንድ ነገር እቀበላለሁ፦ አጥንቱ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ሰው ከልክ ያለፈ ሕመም ሲናገር ከመርፌው በፊት እጅ ወይም እግሩን ማየት ግዴታ ነው።

የድህነቱ ክርክር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ነው፤ እውነት ስለሚመስል። በቅርብ ዓመታት ወለጋ ውስጥ በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት የጫነ መኪናም አብሮ ይቆማል፤ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነቀምቴ ላይ ቅርንጫፍ ቢኖረውም ከደምቢ ዶሎ እስከ ነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን አልክድም። ግን ለሕመም የሚያስፈልገው መሠረት ርካሽ ነው። ጥርሳቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን የገመገመው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ተቋም፣ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራምና ፓራሲታሞል 1,000 ሚሊግራም አብረው ከወሰዱት ከ10ሩ 7 ያህሉ ሕመማቸው ቢያንስ በግማሽ እንደቀነሰላቸው አግኝቷል፤ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ግን ከ10ሩ አንድ እንኳ አይሞሉም። የሆድ ቀዶ ሕክምና ከጥርስ ይከብዳል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሁሌም አይበቁም። መሠረቱ ግን እነሱ ናቸው፤ ሁለቱም በየገጠሩ ፋርማሲ አሉ። ዳይክሎፌናክ የተወጋ ሰው በዚያው ሰዓት ኢቡፕሮፌን አይጨመርለትም፣ ዝምድናቸው አንድ ነውና። ኩላሊቱ ወይም ጨጓራው የታመመ ሰው ዳይክሎፌናክንም ሆነ ኢቡፕሮፌንን ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይናገር።

ሌላም አለ። የቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ከመስፋቱ በፊት ጠርዙ ላይ ማደንዘዣ ቢወጋበት፣ ቡፒቫኬይን ከሆነ ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ነው። የሰመመን ባለሙያዎቻችን የሆድን ግድግዳ ነርቮች ማደንዘዝ ይማራሉ። ኬታሚን በአነስተኛ መጠንም ይረዳል፤ እሱ ደግሞ ለዘመናት የወረዳ ሆስፒታሎቻችን ጓደኛ ነው። ሞርፊንና ፔቲዲን ትንፋሽን ስለሚያዘገዩ የሚከታተል ሰው ይፈልጋሉ፤ አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ በያዘችበት ሌሊት ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። ለዚህም ነው መሠረቱ ጠንካራ ከሆነ ሞርፊኑ ያንሳል የምለው። ትንሹን በሰዓቱ መስጠት ያልቻለ ሆስፒታል ትልቁን በድንገት ለመስጠት ይገደዳል።

የጤና ሚኒስቴር ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። «ከሕመም ነጻ ሆስፒታል» የተባለው መርሐ ግብር ሕመም እንደ ልብ ምትና ሙቀት መጠን ተለክቶ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተተገበረው ስልታዊ ዕቅድም አለ። ለእኔ ግን ዕቅዱ የሚለካው በአዲስ አበባ በታተመው ሰነድ ሳይሆን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ቻርቱ ላይ ቁጥር ተጽፎ መገኘቱና አለመገኘቱ ነው።

ስለ ቤት አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ሆስፒታሉ አራሷን በቀናት ውስጥ ያሰናብታታል፤ ከዚያ ባጃጅ አለ፣ ከዚያ ቡርቃ ጃቶ አለ፣ በየጉድጓዱ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። ቤት ስትደርስ ደግሞ ምክር የሚሰጡ እናቶች ይጠብቋታል፦ ክኒን ወደ ጡትሽ ይሄዳል፣ ተይው ይሏታል። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን በልኩ ከተወሰዱ ለምታጠባ እናት ተስማሚ ናቸው፤ ለትልቅ ሰው የፓራሲታሞል የቀን ገደብ 4 ግራም ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ትራማዶል ላይ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይመከር አስጠንቅቋል። የሚገርመው እናቶቹ ክኒኑን ከልክለው መርፌ ቢሆን ይሻላት ነበር ይላሉ። መዋጥ የምትችል ሰው ክኒኑ ይበቃታል፤ መርፌ ስለሚያም ብቻ የበለጠ አይሠራም።

ለሐኪሞቹ የምለው ይህ ነው፦ ነገ ጠዋት የምትጽፉት የመጀመሪያ ትእዛዝ «ሲያስፈልግ» ሳይሆን «በየስድስት ሰዓቱ» ይበል። ለእናንተ ለአንባቢዎች ደግሞ፦ ወይ ራሳችሁ ወይ ዘመዳችሁ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ሲያዝ፣ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሕመሙ ምን ተጽፎልናል? በስንት ሰዓቱ? ሌሊትስ የሚሰጠው ማን ነው? መድኃኒቱ እዚሁ አለ ወይስ ዛሬ ገዝተን እንያዝ?» አራት ጥያቄ ነው፤ ወረቀት ላይ ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። አስታማሚ ሆናችሁ ስታድሩ ደግሞ በሽተኛው «ደህና ነኝ» ሲላችሁ አትመኑት፤ እንዲያስል ንገሩትና ፊቱን እዩ።